ከቅጥሩ ውጭ ያለው አምባ፦ የማሊክ አምበር ሕይወትና የዳውላታባድ ምሽግ

መግቢያ

በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት፣ ከአውራንጋባድ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዳውላታባድ የተባለው የተራራ ምሽግ ይገኛል። ከሜዳው መካከል ብቻውን የተነሣው ሾጣጣ ኮረብታ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። የኮረብታው የታችኛው ወገብ ዙሪያውን ተጠርቦ እንደ ግድግዳ ቀጥ እንዲል ተደርጓል፤ ከሥሩም ከአለቱ ላይ የተፈለፈለ ጥልቅ የመከላከያ ቦይ ይዞረዋል። በአማርኛ አምባ የሚለው ቃል ለዚህ ዓይነቱ ስፍራ የተገባ ነው፤ ልዩነቱ ተፈጥሮ የጀመረችውን ገደል የሰው እጅ የጨረሰው መሆኑ ነው።

ወደ ኤሎራ ፍልፍል ቤተ መቅደሶች የሚጓዙ ጎብኚዎች ዳውላታባድን በመንገዳቸው ያገኙታል። ጎብኚው የዝሆን ግፊት ለመመከት የብረት ሹሎች በተተከሉባቸው በሮች ያልፋል፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን ቻንድ ሚናር የተባለ የድል ግንብ ያያል፤ ከቦይው በላይ ያለውን ጠባብ መሸጋገሪያ ተሻግሮ አንዴሪ በሚባለው ጨለማና ጠመዝማዛ የአለት ውስጥ መተላለፊያ ይወጣል፤ በመጨረሻም ከጫፉ አጠገብ ካለው የሞጉሎች ሰገነት ላይ ቆሞ ሜዳውን ቁልቁል ይመለከታል። በዚህ ጉዞ ውስጥ የሚሰማው ታሪክም በአብዛኛው አምባውን ስለ መሠረቱት የያዳቫ ነገሥታት፣ በ1327 ዋና ከተማውን ከደልሂ ወደዚህ ስላዛወረው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ፣ በመጨረሻም ስለ ሞጉሎች ነው።

ምሽጉ ሦስት ዋና ዋና ቅጥሮች አሉት። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲቆጠሩ ካላኮት፣ ማሃኮትና አምበርኮት ይባላሉ። ከሁሉም ሰፊ የሆነውና ከአምባው እጅግ ርቆ ሜዳውን የሚያቅፈው የውጩ ቅጥር፣ አምበርኮት፣ ስሙን ያገኘው በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በባርነት ተሸጦ፣ በደካን ምድር የመንግሥት እንደራሴ ከሆነው ከማሊክ አምበር ነው። ጎብኚው ይህን ቅጥር ወደ አምባው ሲቃረብ ያልፈዋል እንጂ ሊያየው ብሎ አይቆምም። ይሁን እንጂ ዳውላታባድ ለሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ የሞጉልን መንግሥት እንዴት እንደ ተቋቋመና ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት ከበባ እንዴት እንደ ወደቀ ለመረዳት ከአምባው ጫፍ ይልቅ የውጩ ቅጥርና ከእርሱ ባሻገር ያለው አገር የበለጠ ያስረዳሉ። የማሊክ አምበር የሕይወት ታሪክ ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከኢትዮጵያ እስከ ደካን

ማሊክ አምበር በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ቻፑ እንደ ነበር ይነገራል። የትውልድ ስፍራውን አንዳንድ ጸሐፍት በሐረር አካባቢ፣ ሌሎች ደግሞ በከምባታ ያደርጉታል። ዘመኑ የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት በ1543 ካበቃ ጥቂት ዓመታት ብቻ ያለፉበት፣ በአፄ ገላውዴዎስ መንግሥትና በአዳል መካከል ግጭቱ ያልበረደበት፣ የሕዝብ እንቅስቃሴውም የበረታበት ጊዜ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተማረኩና የተሸጡ ልጆች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ወደ ዓረብ አገር ይሻገሩ ነበር። ቻፑም ከእነዚህ አንዱ ሆነ።

ልጁ በየመን ሞካ ወደብ ተሸጠ፤ ከዚያም ወደ ባግዳድ ተወሰደ። በዚያ የገዛው ሚር ቃሲም የተባለ ነጋዴ ንባብና ጽሕፈት አስተማረው፤ የእስልምናን ሃይማኖት አስያዘው፤ አምበር የሚለውንም ስም አወጣለት። ስሙ ከባሕር የሚገኘውን ውድ ሽቱ ያመለክታል። ባሪያዎችን በከበሩ ነገሮች ስም መጥራት በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር።

በ1570ዎቹ መጀመሪያ አምበር ወደ ደካን ተወስዶ ለቼንጊዝ ኻን ተሸጠ። ቼንጊዝ ኻን የአሕመድናጋር ሱልጣናዊ መንግሥት፣ ማለትም የኒዛም ሻሂ ሥርወ መንግሥት፣ ዋና ሚኒስትር ነበር። እርሱም ራሱ ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ ሲሆን በሥሩ አንድ ሺህ ያህል ሐበሾች ነበሩት። በደካን የሚፈለጉት ባሪያዎች በአብዛኛው ለእርሻ ሥራ ሳይሆን ለጦር ሥራ ነበር። በየፍርድ ቤቱና በየቤተ መንግሥቱ ከኢራንና ከመካከለኛው እስያ የመጡ መኳንንትና የአገሬው የደካን ባላባቶች ስለሚፎካከሩ፣ በአገሩ ዘመድና ርስት የሌለው፣ ታማኝነቱም ለጌታው ብቻ የሆነ ወታደር ተፈላጊ ነበር። በዚህ ሥርዓት ጌታው የሞተበት ወታደር ብዙ ጊዜ ነጻ ሰው ሆኖ የራሱን ዕድል ይፈልግ ነበር። አምበርም በቼንጊዝ ኻን ቤት የአስተዳደርንና የጦርን ሥራ በቅርብ ሆኖ አየ። ጌታው በ1570ዎቹ አጋማሽ ሲሞት የሟቹ ሚስት ነጻ አወጣችው።

ያለ ጌታ የቆየበት ዘመን

ከዚህ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት አምበር በቅጥረኛ ወታደርነት የኖረባቸው ናቸው። ጥቂት ፈረሰኞችን አሰልፎ ለቢጃፑር ሱልጣን አገለገለ፤ ማሊክ የሚለውንም ማዕረግ በዚያ አገኘ። ክፍያው አላረካውምና በ1595 ገደማ 150 ያህል ፈረሰኞች ይዞ ወደ አሕመድናጋር ተመለሰና አብሃንግ ኻን ከተባለ ሐበሻ አዛዥ ጋር ተሰለፈ።

የተመለሰበት መንግሥት እየፈረሰ ነበር። የሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት አክባር ሠራዊቱን ወደ ደቡብ አዝምቶ አሕመድናጋርን ከበበ። በመጀመሪያው ከበባ ከተማዋን በጀግንነት የተከላከለችው ልዕልት ቻንድ ቢቢ በመጨረሻው ጊዜ በራሷ ወገኖች እጅ ተገደለች፤ የአሕመድናጋርም ምሽግ በነሐሴ 1600 በሞጉሎች ተያዘ። ወጣቱ ሱልጣን ተማርኮ ተወሰደ። በብዙዎች ዘንድ ዋና ምሽጉ የተያዘበትና ንጉሡ የተማረከበት መንግሥት እንዳከተመ ይቆጠር ነበር።

አምበር ግን በዚህ አልተስማማም። በመጀመሪያው ከበባ ወቅት የሞጉልን መስመር ጥሶ ከወጣ በኋላ በገጠሩ እየተዘዋወረ ሰው ይሰበስብ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ተከታዮቹ ከመቶዎች ወደ ሺዎች ደረሱ። በ1600 ከንጉሣዊው ዘር የሆነ አንድ ወጣት አግኝቶ በፓራንዳ ምሽግ ሙርታዛ ኒዛም ሻህ 2ኛ ተብሎ እንዲነግሥ አደረገ፤ ሴት ልጁንም ዳረለት። ራሱ እንደራሴና የጦር አዛዥ ሆነ። ከሃያ አምስት ዓመታት በፊት የተገዛ ሰው አሁን ንጉሥ አንጋሽና የንጉሥ አማት ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የመንግሥት ልምድ ያገኘው ትምህርት በኋላ ሥራው ሁሉ ይታያል፦ ምሽግ ሲወድቅ መንግሥት አብሮ እንዳይወድቅ፣ የመንግሥቱ ኃይል ከምሽጉ ውጭ መደራጀት ነበረበት።

ወደ ዳውላታባድ

አምበር ለሰባት ዓመታት ያህል በሁለት ጠላቶች መካከል ቆየ። ከሰሜን ሞጉሎች ይገፉታል፤ በውስጥ ደግሞ ራጁ ዳካኒ የተባለው ተቀናቃኙ ዳውላታባድን ጨምሮ የአገሩን ሰሜናዊ ክፍል ይዞ ይፎካከረዋል። አክባር በ1605 ሞቶ ልጁ ጃሃንጊር ሲነግሥ በሞጉል ቤተ መንግሥት በተፈጠረው መዘናጋት ተጠቅሞ አምበር በ1607 ገደማ ራጁን አሸነፈና ግዛቱን ጠቀለለ። መቀመጫውንም መጀመሪያ ወደ ጁናር፣ ቀጥሎም በ1610 ወደ ዳውላታባድ አዛወረ። በዚያው ዓመት የአሕመድናጋርን ምሽግ ከሞጉሎች አስለቀቀ።

በ1610 አካባቢ በህንድ የተዘዋወረው እንግሊዛዊ ነጋዴ ዊልያም ፊንች የአምበርን ሠራዊት በአሥር ሺህ ሐበሾችና በአርባ ሺህ የደካን ሰዎች ገምቶታል። አኃዙ ግምት ቢሆንም መጠኑ የሚያሳየው አንድ ነገር አለ፤ ሐበሾቹ የሠራዊቱ አስኳል ቢሆኑም አብዛኛው ተዋጊ የአገሬው ሰው ነበር።

በዚሁ ዓመት በቤተ መንግሥቱ የተፈጸመው ነገር የአምበርን ሌላ ገጽ ያሳያል። በ1617 ያገኘው የሆላንድ ነጋዴ ፒተር ቫን ደን ብሩከ እንደ ዘገበው፣ ከሱልጣኑ ሚስቶች አንዷ የነበረች ፋርሳዊት የአምበርን ልጅ ከባሪያ መወለዷን አንሥታ ሰደበቻት፤ አምበርንም አመፀኛ አለችው። ነገሩ ለአምበር በተነገረው ጊዜ ሱልጣኑና ሚስቲቱ በመርዝ እንዲገደሉ አደረገ፤ በሱልጣኑም ምትክ ሕፃን ልጁን ቡርሃን ኒዛም ሻህን አነገሠ። ነጻነቱን ካገኘ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ያለፉት፣ አምሳ ሺህ ጦር የሚያዝ ሰው የባርነት ስድብ በቤተሰቡ ላይ ሲወረወር የሰጠው ምላሽ የሥልጣኑን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ስስነቱንም ያሳያል። ሥልጣኑ ከትውልድ የመጣ አልነበረምና በየዕለቱ መጠበቅ ነበረበት።

የሜዳው ጦርነት

ዳውላታባድን የያዘ ሌላ ሰው በአምባው ተማምኖ ከቅጥር ውስጥ ሊዋጋ ይችል ነበር። አምበር በአብዛኛው ያደረገው የተገላቢጦሹን ነው። የሞጉል ሠራዊት ከባድ መድፍ፣ ዝሆኖች፣ ብዙ ጓዝና እጅግ ረጅም የስንቅ መስመር ነበረው። አምበር ከዚህ ሠራዊት ጋር በሜዳ ፊት ለፊት መግጠምን ሸሸ። ፈጣን ፈረሰኞች ጓዙን ከኋላ ይመታሉ፤ ስንቁን ያቋርጣሉ፤ የግጦሽ ሳርና የእህል ክምር ያቃጥላሉ፤ ሠራዊቱ ወደ ተራሮቹ ሲከተላቸው ይበተናሉ፤ ሲመለስም ይከተሉታል። ይህ ባርጊ ጊሪ የሚባለው የውጊያ ስልት በደካን ከአምበር በፊት ያልታወቀ አልነበረም፤ አምበር ግን የመንግሥት የጦር ስልት አደረገው።

ለዚህ ስልት የሚያስፈልጉት ተዋጊዎች ተራራውን፣ መተላለፊያውንና የውኃውን ስፍራ የሚያውቁ የአገሬው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አምበር የማራታ ባላባቶችንና ፈረሰኞቻቸውን በብዛት አሰለፈ። በሥሩ ካገለገሉት መካከል ማሎጂ ቦንስሌና ልጁ ሻሃጂ ይገኛሉ። የሻሃጂ ልጅ ሺቫጂ ከጊዜ በኋላ የማራታን መንግሥት መሥርቶ ሞጉሎችን በዚሁ ስልት ተዋግቷል። ስለዚህም የታሪክ ጸሐፍት አምበርን ከማራታ ኃይል መነሣት ጋር አያይዘው ያነሡታል።

በዚህ ስልት ውስጥ የዳውላታባድ ድርሻ የተወሰነ ነበር። ፈረሰኛው ሜዳ ላይ ሲዋጋ ግምጃ ቤቱ፣ ሱልጣኑና የጦር መሣሪያው የሚቀመጡበት፣ ሽንፈትም ቢመጣ ማፈግፈጊያ የሚሆን ስፍራ ያስፈልጋል። አምባው ይህን አገልግሎት ሰጠ። አምበርኮትም በዚህ መልክ ሲታይ ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል። ከአምባው ርቆ ሰፊ ሜዳ የሚያቅፍ ቅጥር የጦር ሰፈርን፣ ፈረሶችን፣ ከብትንና ከገጠር የሚሸሸውን ሰው ለማስገባት ይመቻል። ለጥቂት ዘብ የሚበቃው የአለቱ ጫፍ ይህን ሁሉ ሊይዝ አይችልም።

ውኃና መሬት

አምበር በ1610 ከዳውላታባድ ብዙም ሳይርቅ ኺርኪ በተባለች መንደር ላይ አዲስ ከተማ ቆረቆረ። በ1612 በሞጉሎች ላይ የተገኘውን ድል ለማስታወስ ያሠራው ባድካል በር እስከ ዛሬ በከተማዋ ቆሞ ይታያል። ይሁንና ለከተማዋ ዕድገት ከበሩ የበለጠው ሥራ ነህረ አምበሪ የሚባለው የውኃ መስመር ነው። መሐንዲሶቹ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ባሉት ኮረብታዎች ሥር ያለውን የከርሰ ምድር ውኃ ከጠለፉ በኋላ ከመሬት በታች በድንጋይ በተሠራ ቦይ፣ ያለ ምንም መሳቢያ፣ በመሬቱ ተዳፋት ብቻ ወደ ከተማዋ እንዲወርድ አደረጉ። በመስመሩ ላይ በየርቀቱ የቆሙት መተንፈሻዎች አየርን ያስወጣሉ፤ ለጽዳትና ለጥገናም ያገለግላሉ። ዝናብ በሚያጥርበት የደካን ምድር ሕዝብ የሚሰፍረው ውኃ ባለበት ነውና ከተማዋ በዚህ መስመር ላይ አደገች።

የመሬት ግብርን በተመለከተም አምበር የቆየውን አሠራር ቀይሯል። ቀድሞ ግብሩ በጨረታ ለሰብሳቢዎች ይሰጥ ስለ ነበር ሰብሳቢው ከገበሬው የቻለውን ያህል ይወስድ ነበር። አምበር ይህን አስቀርቶ መሬቱ እንደ ለምነቱ እንዲመደብ፣ ግብሩም ከምርቱ መጠን ጋር እንዲመጣጠን፣ የመንደር ሹማምንትም በአሰባሰቡ ኃላፊነት እንዲኖራቸው አደረገ። በአክባር ዘመን ቶዳር ማል በሰሜን ህንድ ካካሄደው ማሻሻያ ጋር ተመሳሳይነት አለው። በየዓመቱ በጦርነት በሚረገጥ አገር ገበሬው ቀዬውን ለቅቆ እንዳይሄድ ማድረግ የጦር ጉዳይም ነበር፤ ፈረሰኛው የሚበላው እህል፣ ፈረሱ የሚበላው ገፈራና ስለ ጠላት የሚደርሰው ወሬ ሁሉ የሚገኘው ከመንደር ነበርና።

ሁለት ሽንፈትና አንድ ግድብ

የአምበር ጦርነት ያለማቋረጥ ድል የታየበት አልነበረም። በ1616 በሮሻንጋኦን አቅራቢያ በተደረገው ውጊያ ሞጉሎች አሸነፉት፤ ከዚያም ወደ ኺርኪ ገብተው ከተማዋን ዘረፉ፣ አፈረሱም። አምበር ወደ ዳውላታባድ አፈገፈገ። በ1617 ልዑል ኹራም ከብዙ ሠራዊት ጋር ሲመጣ አምበር የአሕመድናጋርን ምሽግና የያዘውን ግዛት በስምምነት መለሰ። ልዑሉ ሻህ ጃሃን የሚለውን ማዕረግ የተቀበለው ከዚህ ዘመቻ በኋላ ነው። ሠራዊቱ ከተመለሰ በኋላ ግን አምበር የለቀቀውን አገር መልሶ ያዘ። በ1621 ሻህ ጃሃን ዳግመኛ መጣ፤ ኺርኪ ዳግመኛ ተዘረፈች፤ አምበርም ዳግመኛ ግዛትና ግብር ሰጥቶ ታረቀ።

ሁለቱም ጊዜ የደረሰው ነገር አንድ ነው። ከተማዋ ጠፋች፤ አምባው አልተያዘም፤ ሠራዊቱ ተበተነ እንጂ አልተደመሰሰም፤ መንደሮቹም ወደ ሞጉል አልዞሩም። ጠላት ሲሄድ መንግሥቱ ከተበተነበት ተሰበሰበ። የጃሃንጊር ቁጣ ከዚህ የመጣ ይመስላል። ንጉሠ ነገሥቱ በማስታወሻው አምበርን በመልኩና በትውልዱ እየሰደበ ይጠቅሰዋል። ሠዓሊው አቡል ሐሰንም በ1616 ገደማ በሣለው ታዋቂ ሥዕል ጃሃንጊር በሉል ላይ ቆሞ በጦር ላይ የተሰካውን የአምበርን ራስ በቀስት ሲወጋ ይታያል። በሥዕሉ ላይ የተፈጸመው ነገር በሜዳው ላይ ከቶ አልተፈጸመም፤ አምበር ከሥዕሉ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ኖሯል።

በ1624 የቢጃፑር ሱልጣን ኢብራሂም አዲል ሻህ 2ኛ ከሞጉሎች ጋር ስላበረ አምበር የሁለት መንግሥታት ጦር በአንድ ጊዜ መጣበት። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሰባ አምስት አልፎ ነበር። ሠራዊቱን ወደ አሕመድናጋር አቅራቢያ ወደ ባትቫዲ ስቦ ካመጣ በኋላ የሐይቁን ግድብ አስፈርሶ ውኃውን በጠላት ሰፈር ላይ ለቀቀው። መሬቱ ጭቃ ሆነ፤ ከባድ መሣሪያና ጓዝ የማይንቀሳቀስበት ሆነ፤ ሌሊት ሌሊት በሚደረጉ ድንገተኛ ጥቃቶች የተዳከመው ጠላትም ተሸነፈ። በውጊያው ሻሃጂ ተሳትፏል፤ ወንድሙ ሻሪፍጂም በዚያ ወድቋል። አምበር ከዚህ በኋላ ወደ ቢጃፑር ዘምቶ የሱልጣኑን አዲስ ከተማ ናውራስፑርን አወደመ። ውኃን ለከተማ የሳበው እውቀትና ውኃን በጠላት ላይ የለቀቀው እውቀት ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም አገሩን ተዳፋት በተዳፋት ከማወቅ የተገኙ ነበሩ።

ሞቱና የአምባው መውደቅ

ማሊክ አምበር በግንቦት 1626 በሰባ ስምንት ዓመቱ ገደማ ሞተ። የተቀበረው ከዳውላታባድ ብዙም በማይርቀው በኹልዳባድ፣ የሱፊ ቅዱሳን መቃብሮች ባሉበት ስፍራ ነው፤ መቃብሩ ጉልላት ያለው የድንጋይ ሕንፃ ነው። በሕይወት ሳለ ይሰድበው የነበረው የሞጉል ቤተ መንግሥት ሲሞት ሌላ ቃል ተናገረ። የጃሃንጊርን ዘመን ታሪክ የጻፈው ሙዕታመድ ኻን የአምበርን የጦር ችሎታ፣ ፍርዱንና አስተዳደሩን አወድሶ፣ አንድ ሐበሻ ባሪያ እዚህ ማዕረግ የደረሰበት ሌላ ምሳሌ በታሪክ እንዳልተገኘ መዝግቧል።

ሥልጣኑ ለልጁ ለፈትህ ኻን ተላለፈ። ፈትህ ኻን የአባቱን አምባ ወረሰ፤ አባቱ አምባውን የደገፈባቸውን ግንኙነቶች ግን መጠበቅ አልቻለም። ከሱልጣኑ ጋር ተጣልቶ ታሰረ፤ ሲፈታም ሱልጣኑን አስገድሎ ሁሴን የተባለ ሕፃን አነገሠ። የማራታ ባላባቶች ተከፋፈሉ፤ ሻሃጂ ወደ ሞጉል ሄደ፤ ኋላም ወደ ቢጃፑር ዞረ። ከ1630 እስከ 1632 የደረሰው ታላቅ ረሃብ የደካንን መንደሮች ባዶ አደረገ። ፈትህ ኻን መጀመሪያ ለሞጉሎች አደረ፤ ወዲያው ደግሞ ከቢጃፑር ጋር ተስማማ። በዚህ ምክንያት የሞጉሉ አዛዥ ማሃባት ኻን በ1633 ዳውላታባድን ከበበ።

የከበባው አካሄድ የቅጥሮቹን ቅደም ተከተል የተከተለ ነው። ሞጉሎች ከግንቡ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው ባሩድ በመቅበር መጀመሪያ አምበርኮትን ሰብረው ገቡ፤ ቀጥሎም ማሃኮትን አፈረሱ። ከውጭ የነበረው የቢጃፑር ጦር ወደ አምባው ስንቅ ለማስገባት ቢሞክርም አልሆነለትም። በአምባው ውስጥ ረሃብና በሽታ በረታ። በሰኔ 1633 ፈትህ ኻን አምባውን አስረከበ። ማንም ጠላት ቀጥ ባለው አለት ላይ አልወጣም፤ በጨለማው መተላለፊያም ተዋግቶ አላለፈም። ለዘመናት የተፈለፈለው መከላከያ ሳይነካ እጁን ሰጠ። ሕፃኑ ሱልጣን ወደ ጓሊዮር እስር ቤት ተወሰደ፤ ሻሃጂ ሌላ ሕፃን አንግሦ መንግሥቱን ለማቆየት ያደረገው ሙከራም በ1636 አበቃ። ኺርኪ ፈትህ ኻን በራሱ ስም ፈትህናጋር ብሏት ነበር፤ በ1653 ልዑል አውራንግዜብ አውራንጋባድ አላት፤ በ2023 ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር የሚል ይፋዊ ስም ተሰጣት። በእነዚህ ሁሉ ስሞች ውስጥ የቆርቋሪዋ ስም የለም።

ማጠቃለያ

ከ1607 እስከ 1626 ባለው ጊዜና ከ1626 እስከ 1633 ባለው ጊዜ መካከል የዳውላታባድ አለት አልተለወጠም። ቦይው ያው ነበር፤ መተላለፊያውም ያው ነበር። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ነው፦ ፈረሰኞቹ፣ ባላባቶቹ፣ መንደሮቹና እህሉ። አምበር በአሕመድናጋር መውደቅ ካየው ተነሥቶ የመንግሥቱን ጉልበት ከቅጥር ውጭ አደራጀ፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ከተማው ሲጠፋ መንግሥቱ አልጠፋም። ልጁ ጉልበቱ ከአምባው ውስጥ ያለ መስሎት አምባውን ብቻ ይዞ ቀረ።

ይህ መደምደሚያ ለቅርስ ጉብኝትም ትርጉም አለው። ታላላቅ የተራራ ምሽጎች የሚጎበኙት ከበር ወደ ጫፍ በሚወጣ አንድ መንገድ ነው፤ ገለጻውም ከፍታን፣ የግንብ ውፍረትንና የመድፍን ርዝመት ይከተላል። በዚህ አቀራረብ ዳውላታባድ የማይደፈር ምሽግ ሆኖ ይነገራል፤ በ1633 እንዴት እንደ ተደፈረ ግን አይገባም። ጉብኝቱ ከአምበርኮት ቢጀምር፣ በኺርኪ የውኃ መስመርና በባድካል በር በኩል ቢያልፍ፣ በኹልዳባድም መቃብር ቢያበቃ፣ ጎብኚው አምባውን ከሚያኖረው አገር ጋር አንድ ላይ ያየዋል። ለኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ጉዳዩ ቅርብ ነው። ከዚህ ምድር በልጅነቱ የተሸጠ ሰው በሩቅ አገር የሠራው ሥራ በአብዛኛው የሚታወሰው ባሪያ ሳለ ንጉሥ አንጋሽ በመሆኑ አስገራሚነት ነው። ሥራው ራሱ፣ ማለትም ግብሩ፣ ውኃው፣ ከአገሬው ጋር የመሠረተው ኅብረትና የጦር ስልቱ፣ ከዚህ አስገራሚነት ባሻገር በራሱ ሊጠና የሚገባው ነው። በኢትዮጵያም ያሉ አምባዎች ታሪክ ሲጠና ገደሉን ብቻ ሳይሆን ገደሉን የቀለበውን ሜዳ አብሮ መመርመር እንደሚያስፈልግ የዳውላታባድ ታሪክ ያመለክታል።